ያልታጠፉት ደብዳቤዎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት 4፡00

ሦስተኛው ጆንያ ተፈታ። ጓንቴን አጥልቄ፣ አፌን ሸፍኜ፣ ብሩሼን ይዤ ቁጭ። ያየኝ ሁሉ ሐኪም ነው የምመስለው። ደብተሬ፣ ይህን ሥራ ወድጄዋለሁ! ያን ሁሉ ዓመት በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ገቢ ወጪ ስመዘግብ ኖሬ፣ ወደ ሰነድ ማዕከሉ ከተዛወርኩ ወዲህ ቀኑ እንዴት እንደሚመሽ አላውቀውም። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት የሟች ሊቃውንት ወረቀት አደራጅ!

ጆንያዎቹ የዳባቱ የመሪጌታ ላቀው ናቸው። ማለቴ ወረቀታቸው። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ልጃቸው ወ/ሮ ጥሩዬ ናት በአይሱዙ ጭና ደባርቅ ድረስ ያመጣችው። አይጥ ከሚበላው ተማሪ ያንብበው አለች፣ ፈረመች፣ ሄደች። መሪጌታ የዜማ መምህር ነበሩ፤ ከጆንያው የሚወጣው ግን ከዜማው ይልቅ ደብዳቤ ነው። ለካ መጻፍ ለማይችለው ለአገሩ ሰው ሁሉ የሚጽፉት እሳቸው ኖረዋል። በነጻ። የጻፉትንም በካርቦን ቅጂ ያስቀሩ ነበር። አለቃዬ መ/ር ዮናስ (በዕድሜ ልጄ ይሆናል) ደስታውን አልቻለም። ስንዱ፣ ይሄ እኮ ትልቅ ኮሌክሽን ነው እያለ ጠረጴዛውን ይዞራል። ለኅዳር ዐውደ ርእይ ያዘጋጃል።

የኔ ሥራ፦ አቧራ ማራገፍ፣ የዛገ ስፒል መንቀል፣ በሰው በሰው ፎልደር መክፈት፣ በእርሳስ ቁጥር መስጠት። እስክርቢቶ ክልክል። ማጠፍ ክልክል። ጣት በምራቅ አርሶ መግለጥ ክልክል፤ የከበደኝ ይሄኛው ነው።

አንድ ችግር አለ። መሪጌታ ሰውን የሚጽፉት በክርስትና ስሙ ብቻ ነው። የዓለም ስም የሚባል ነገር አያውቁም። ለካህን ሰው ማለት ቅዳሴ ላይ የሚጠራው ስሙ ነው፤ ለኔ ግን መከራ። ዛሬ ብቻ አራት ወለተ ማርያም። በእጅ ጽሑፍ እንዳልለያቸው ሁሉም የመሪጌታ እጅ ነው። በአነጋገራቸው እየለየሁ ነው። አንዷ አልቃሻ ናት፣ አንዷ ነገረኛ፣ አንዷ ሰላምታዋ ገጽ ይፈጃል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ከሥራ መልስ

ዛሬ ሴት አገኘሁ! ወለተ ጊዮርጊስ። አሥራ አንድ ደብዳቤ፣ ሁሉም ለባሏ ለገብረ መድኅን። ባል በሰኔ ቆላ ወርዷል፣ ለሰሊጥ አረም። እሷ ደጋ ቀርታለች፣ እርጉዝ። መሪጌታ ካፏ እንደወጣ ነው ያሰፈሩት፤ አንዲት ቃል አላረሙም። ጣራው አፈሰሰ ትለዋለች፣ ያፈሰሰው አንተ የደፈንከው ጎን ነው። ሣቄን ለቀቅኩት። መ/ር ዮናስ ምን ሆነች ብሎ ከቢሮው ወጣ፤ አነበብኩለት፤ እሱም ሣቀ።

ሌላው ላይ፦ ቆላ ሙቀት ነው አሉ፣ ሙቀት ነው ብለህ ጋቢህን እንዳትሸጠው፣ መመለሻህ ደጋ ነው። ሌላው ላይ፦ ላሚቱ ወለደች፤ ወንድ ነው ብለህ ነበር፣ ሴት ናት። የኔንም ሆድ ወንድ ነው ብለሃልና እንግዲህ እናያለን።

ወደድኳት። የኔ ሴት ብያታለሁ።

ቤት ስገባ ለእትዬ ማንጠግቦሽ ነገርኳቸው። እትዬ ጎረቤቴ ናቸው፣ አጥራችን አንድ ነው፤ ከዳባት ገጠር መጥተው እዚህ ከከረሙ ዘመናቸው ነው። አንድ ልጃቸው ደሳለኝ ተራራው ፓርክ ውስጥ፣ ጨነቅ ላይ ስካውት፣ የዱር ጠባቂ ነው፤ ከቱሪስት ጋር ይከርማል፣ በወር አንዴ ብቅ ይላል። እሳቸው በራፋቸው ላይ እንዝርታቸውን ያሾራሉ፣ እኔ አወራለሁ። ስምንት ዓመት እንዲሁ ነን። እሳቸው አይሰለቹ፣ እኔ አልደክም።

ስለ ጣራው ስነግራቸው ያፈሰሰው አንተ የደፈንከው ጎን ነው ብላው፣ ብዬ ሣቅ ያዘኝ። እትዬ ከእንዝርታቸው ቀና ሳይሉ፣ "እኔ የደፈንኩት ጎን ደረቅ ነው" ብለው ጨረሱልኝ። እንዴ! ደብዳቤው ላይ ቃል በቃል እንዲያ ነው የሚለው። ምን ዓይነት ግምት ነው አልኳቸው። ፈትላቸውን ጠመጠሙ። በሉ ደህና እደሩ ብዬ ገባሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። 11፡30

ተመረጥኩ! መ/ር ዮናስ የወለተ ጊዮርጊስን ደብዳቤዎች በትልቁ አሳትሞ ሊሰቅል ነው። በመክፈቻው ቀን እኔ ቆሜ ላነብ። ማን እንዳንቺ ያነባታል አለኝ። ቀሚስ ማሰፋት አለብኝ። ቀሚሱ ባይደርስ ጫማ።

ከሱ ብዙ እየተማርኩ ነው። ወረቀት ቀለሙ ብቻ አይነበብም ይላል፤ መታጠፊያው፣ ቀዳዳው፣ ጠርዙም ይነበባል። የተላከ ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ ስለሚገባ በሦስት የታጠፈበት መስመር ይኖረዋል። ካርቦን ከሆነ ቀለሙ ሐምራዊ ነው፣ ወረቀቱ ስስ፤ ዋናው ከሆነ ብዕሩ ወረቀቱን ወጋ ያደርገዋል፣ ከጀርባ በጣት ይዳሰሳል። አሁን ያገኘሁትን ሁሉ እየዳሰስኩ ነው። ዛሬ የመብራት ቢል ዳሰስኩ።

እትዬ እግራቸውን አሟቸዋል። እንደዚያም ሆነው፣ "ያች ቀባጣሪ ዛሬ ምን አለች?" ብለው ጠየቁኝ። ጠይቀውኝ አያውቁም እኮ! ስለ ጋቢው ነገርኳቸው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። 9፡00፣ ቢሮ

ተናድጃለሁ። አሥራ አንዱን ደብዳቤ ደርድሬ ዳሰስኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ካርቦን ናቸው፤ ዋናው ሄዷል ማለት ነው። ከአራተኛው ጀምሮ ያሉት ስምንቱ ግን ራሳቸው ዋናዎቹ ናቸው! ከጀርባ ይዳሰሳሉ። አንዱም አልታጠፈም። ፖስታ የሚባል ነገር አላዩም።

መሪጌታ አልላኩላትም። እሷ ትናገራለች፣ እሳቸው ይጽፋሉ፣ ከዚያ ያስቀምጡታል። ምን ዓይነት ካህን ነው! መ/ር ዮናስ አትፍረጂ፣ መንገደኛ አጥተው ይሆናል አለ። ስምንት ጊዜ? የዳባት ገበያ መንገደኛ ጠፍቶበት ያውቃል?

በዚያው ቀን፣ ማታ 12፡00

ለእትዬ ነገርኳቸው፣ እንደተናደድኩ። አልተላኩም እኮ አልኳቸው፣ ሰውዬው ታቅፈውት ቁጭ ብለዋል። ፈትላቸው ተበጠሰ። በምን አወቅሽ አሉ። አልታጠፉም አልኩ። እንግዲህ እግሬን ላሳርፍ ብለው ገቡ። ሳይመሽ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23። ከቀኑ 7፡00

ቆይ፣ በተራ ልበል።

የእትዬ የንስሐ አባት ቄስ ሞገስ ከቅዳሴ መልስ ጸበል ሊረጯቸው መጡ፣ ለእግራቸው። እኔ ማሰሮውን ይዤ ቆሜያለሁ። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ጸሎት ጀመሩ። አመተከ አሉ። ወለተ ጊዮርጊስ አሉ።

ማሰሮው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

ስምንት ዓመት እትዬ ማንጠግቦሽ ስል ኖሬ የክርስትና ስማቸውን አላውቀውም። ማን የጎረቤቱን ይጠይቃል? ሰው ክርስትና ስሙን እንደ ገመናው ነው የሚይዘው። መጀመሪያ ወለተ ጊዮርጊስ የሌለበት ደብር የለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቀጥሎ ደረቁ የጣራ ጎን ትዝ አለኝ።

እኔ እኮ በአጥር ላይ የራሳቸውን ደብዳቤ እያነበብኩላቸው ስስቅ ነው የከረምኩት። እየጨመርኩበት። ድምፄን እያሳመርኩ። ከዚያ ደግሞ አልተላከም ብዬ እንደ ገበያ ወሬ ነገርኳቸው።

ምሳ አልበላሁም። ቆይ፣ ትንሽ በልቻለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26። 5፡00

ዛሬ ሌላ ሥራ ትቼ የመሪጌታን የዕለት መዝገብ ይዣለሁ። ትንሽ ደብተር፣ ሽፋኑ ሰም የፈሰሰበት። ማን እንደመጣ፣ ምን እንደተማረ፣ ዝናብ እንደዘነበ ያስገባሉ። ፈለግሁ። አገኘሁ። እንዳለ ልገልብጠው፦

"የገብረ መድኅን ዜና ከቆላ መጣ። በወባ። ሦስት ሰዎች ቀብረውታል። ወለተ ጊዮርጊስ ድርስ ናት፤ አራስነቷ ይለፍ ተብሏል።"

ከዚያ ከገጾች በኋላ፦ "ወንድ ወለደች። ክርስትና ይነሣ ተብሏል።"

ከዚያ፦ "ጾሙ ይፈታ ተብሏል።"

ከዚያ፦ "ከሽማግሌዎቹ አንዱ ታመመ፣ አንዱ አገር ለቀቀ። ብቻዬን እንዴት እነግራለሁ።"

በየመካከሉ ደግሞ በቀይ ቀለም፣ በትንሹ፦ "መጣች። ጻፍኩላት። ይቅር ይበለኝ።" ስምንት ጊዜ። ቆጠርኩ።

ሰውዬውን ሰድቤያቸው ነበር። እኔንም ይቅር ይበለኝ።

መ/ር ዮናስ ቆሞ አነበበው። ልጁ የከተማ ልጅ ነው፣ ለምን ዝም ብለው አልነገሯትም አለ። አስረዳሁት። መርዶ እንደ ወሬ አይወረወርም። ለእርጉዝ አይነገርም፣ ለአራስ አይነገርም። ሲነገርም ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ካህን ይዞ፣ ደጋፊ ሰው አጠገቧ ቆሞ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አይናገርም። ቀን እየጠበቁ ቀኑ እየሸሸ ሄደ ማለት ነው። አቀርቅሮ መነጽሩን ጠረገ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1። 12፡00

ዝም ብያለሁ። እኔ! ከሥራ ስመለስ በጓሮ በር እገባለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አፌን ከከፈትኩ ይወጣል። እትዬን ሳስብ ደሳለኝ ይመጣብኛል። በአባቱ ስም አይጠራም፤ በመታወቂያውም በእናቱ አባት ስም ነው ያለው። አንዴ ስለ አባቱ ብጠይቀው፣ ቆላ ወርዶ ሌላ አግብቶ የቀረ ሰው አባት አይባልም አለኝ። እዚህ ፎልደር ውስጥ ግን ያ አባት አላገባም፣ አልቀረም። ሰሊጡን ሳያጭድ ሞቷል። ይህን የማውቅ እኔና መ/ር ዮናስ ብቻ ነን። አጥር ለአጥር እያለሁ ልጁ አባቱን ሲረግም ዕድሜውን ይፍጀው?

በክርስትና ስም ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ ድጋሚ እያየሁ ነው። ስንቱ ጎረቤት ይሆን?

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ማታ 1፡00

ተያዝኩ። የያዘኝ ዝምታዬ ነው።

እትዬ አጥሩን ተደግፈው ጠሩኝ። ዐሥር ቀን ሙሉ አላወራሽኝም፣ ምን ሆነሻል አሉ። አሞኛል አልኩ። ምንሽን? ጥርሴን።

"ትናንት ቆሎ ስትቆረጥሚ አይቼሻለሁ።"

ነይ ግቢ አሉኝ። ገባሁ። እንዝርቱን አስቀመጡት።

"ያች ሴት ምን ሆነች?"

"እትዬ፣ እኔ..."

"ተይው። እኔ ልንገርሽ።"

ነገሩኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን መሪጌታ በሦስት አጥፈው፣ ፖስታ ውስጥ ከተው፣ በሙጫ አሽገው በእጃቸው ሰጥተዋቸዋል። እትዬ ራሳቸው ናቸው ዳባት ገበያ ወስደው ለመንገደኛ የሰጡት። በአራተኛው መሪጌታ ተይው እኔ እልከዋለሁ አሉ። ወረቀቱንም ቀለሙ ይድረቅ ብለው ከዳዊታቸው ሥር እንዳለ ዘረጉት። አላጠፉትም። በአምስተኛውም አላጠፉትም። እትዬ ፊደል ባይቆጥሩም ይህን ቆጥረዋል።

ታዲያ ለምን ሄዱ አልኳቸው፣ እስከ አሥራ አንደኛው?

"ሌላ ማን ይሰማኝ ነበር? አንቺ ያኔ የለሽ።" ሣቁ፣ ትንሽ። መሪጌታ ሲጽፉ ዓይናቸው እንባ ያቀርር ነበር አሉ፤ ጭስ ነው ይሏቸው ነበር። እሳት ግን አልነበረም።

ጠርጥረዋል እንግዲህ። ስንት ዓመት። ለምን አላለቀሱም ብል ተቆጡኝ። "ሳይነግሩኝ? አልቅሺ ያለኝ ሰው ሳይኖር በምን አፌ ላልቅስ? ለራሴ መርዶ ነጋሪ ልሁን?" ለልጁስ ምን ይበሉት? ሞቷል ቢሉት ማን ነገረሽ ይላል። ተዝካሩን እንዳያወጡ በቁሙ ላለ ሰው ተዝካር አይወጣ። እንዲሁ፣ ቆላ ነው እያሉ አሳደጉት። የቀረውን ሰው ሞላለት።

አፌን ከፈትኩ። መዳፋቸውን አፌ ላይ አደረጉት።

"ካንቺ አፍ አልሰማም። ወጉ ይድረሰኝ። ልጄም ባለበት።"

ዓርብ፣ ኅዳር 5። 6፡00

ለመ/ር ዮናስ ነገርኩት። ሰሌዳው ታትሟል፣ ግብዣው ተበትኗል፤ ዝግጅቱ ለ18 ነው። በሕጉ ከሄድን ወ/ሮ ጥሩዬ ፈርማ ሰጥታለች፣ ወረቀቱ የኛ ነው። እንደዚያ ብሎ ጀመረ። እኔም ወረቀቱ የመሪጌታ ነው፣ ነገሩ ግን የእትዬ ነው አልኩት። ተነሥቶ ሰሌዳውን ራሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። እሳቸው እስኪሉ አይሰቀልም አለ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ እናቱን ባውቃቸው ብዬ ተመኘሁ።

ስምንቱን ደብዳቤና የመሪጌታን ገጾች ኮፒ አድርጎ ሰጠኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። 11፡00

ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ቄስ ሞገስና ከዕድራችን ሁለት አባቶች፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር። ኮፒውን አሳየሁ። አዘኑ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተመካከሩ። አንደኛው አባት፣ ይሁን እንጂ ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው አሉ፤ በጾም ከሚያዝኑ ልደት ይለፍ።

ደብተሬ፣ እኔ ሽማግሌ ላይ ድምፅ ከፍ አድርጌ አላውቅም። ዛሬ አደረግሁ። አባቴ፣ ይህን እኮ እሳቸውም ብለውት ነበር አልኩና የመሪጌታን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው። ጾሙ ይፈታ ተብሏል። ከዚያ ወዲህ ስንት ጾም ገባ፣ ስንት ጾም ተፈታ?

ቄስ ሞገስ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቀይዋ ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። "ዓርብ የሚካኤል በዓል ነው፤ ደስታውን አንንሣቸው። ቅዳሜ ማለዳ" አሉ። ቅዳሜ ሆነ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከቀኑ 10፡00

ደሳለኝ ከጨነቅ መጣ፣ እናቱ ለሚካኤል ና ብለው ልከውበት። ብርዱ ፊቱን አሳርሮታል። ስለ አንድ ዋልያ ሲያወራ ዋለ፤ ፈረንጅ ፎቶ ሊያነሣው ሲል ጀርባውን ሰጥቶት ተኛ አለ። ሣቅን። እትዬም ሣቁ። ከዚያ እሱ ወደኔ ዞሮ፣ ምነው ስንዱ ዛሬ ወሬ አነሰሽ አለኝ። ጥርሴን አሞኛል አልኩ። እትዬ ቀና ብለው አዩኝና ቆሎ አቀበሉኝ። ቆረጠምኩ፤ ምን ላድርግ።

ስወጣ እስከ አጥሩ ሸኙኝ። በሹክሹክታ ሁለት ነገር አዘዙኝ። አንደኛ፣ ግድግዳ ላይ የጣራው ብቻ ይሰቀል፤ ሰው ይሣቅበት፣ ያኔም ላስቀው ብዬ ነው የተናገርኩት። የቀረው ከሣጥኑ አይውጣ። ሁለተኛ፣ ስምንቱን አጣጥፊልኝ።

ዋናዎቹን ማጠፍ ክልክል ነው፣ ኮፒዎቹን ግን አጠፍኳቸው። በሦስት በሦስት። አንድ ፖስታ አልበቃ አለ፣ በሁለት አደረግሁት። በላዩ ለገብረ መድኅን ብዬ ጻፍኩ። በእስክርቢቶ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ንጋት 11፡20

እነ ቄስ ሞገስ ግቢዬ ቆመዋል። መ/ር ዮናስም መጥቷል፤ ጋቢ ለብሶ፣ እንዴት እንደሚለበስ ግን አያውቅበትም፣ አስተካከልኩለት። ብርዱ ይቆርጣል። አንዱ አባት ከእትዬ አጠገብ ማን ይቆማል ብለው ጠየቁ። ሴት ያስፈልጋል። እኔ አልኩ።

ፎልደሩ ላይ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ማንነቷ ያልታወቀ ብዬ በእርሳስ የጻፍኩት ገና አለ። ላጲሱ ቢሮ ነው። ሰኞ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ነው፤ ከሥሩ የዓለም ስማቸውን እጨምራለሁ፣ ፈቅደውልኛል። የባለቤታቸውንም። ስሙ አየለ ነበር። ልጁ ደሳለኝ አየለ መባል ይችላል ማለት ነው፣ ከፈለገ።

የእትዬ መብራት በርቷል። የበራቸው መወርወሪያ ሲነሣ ሰማሁ፤ ማንም ሳያንኳኳ። ደሳለኝ ምንድን ነው እማ ሲል ይሰማል።

ቄስ ሞገስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልሂድ። ፖስታዎቹን ይዣለሁ። ቃል አይወጣኝም፣ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ሲነገር ግን ቀድሜ የምጮኸው እኔ ነኝ፣ እትዬን ብቻቸውን አላስጀምራቸውም፣ እጃቸውን ይዤ።